ከውድድር ሕግ ነጻ የሚወጣ ውድድር

በሰሜን ሸዋ፣ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በደነባ፣ ስንዴና ምስር የሚገዙ ነጋዴዎች ገበሬው ገበያ ከመድረሱ አስቀድመው በአንድ ቤት ተሰብስበው «ከዚህ ዋጋ በላይ ማናችንም አንገዛም» ብለው ቢማማሉ፣ ሻጩ ወደየትኛውም ሚዛን ቢሄድ ያንኑ ዋጋ ብቻ ያገኛልና፣ ምክራቸው በሕግም በሕሊናም ፊት ነውር መሆኑን ለማስረዳት ሊቅ መጥራት አያስፈልግም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813ም ተወዳዳሪዎች ዋጋን በጋራ መወሰናቸውንና ገበያን መከፋፈላቸውን ይከለክላል። የስፖርት ክለቦች ግን የተጫዋችን ደመወዝ ጣሪያ በጋራ ሲወስኑ፣ የቴሌቪዥን መብታቸውን አንድ ላይ አድርገው ለአንድ ገዢ ሲሸጡ፣ ማን ወደ ማኅበራቸው እንደሚገባ ራሳቸው ሲደነግጉ፣ በብዙ ሀገር ሕጉ ዐይኑን ይመልስላቸዋል። ይህ ነጻነት እንዴት እንደ ተወለደና ምን ያህል ሊዘረጋ እንደሚገባው ማወቅ ኳስ ለሚወድ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይጠቅመዋል።

የነጻነቱ ምክንያት ከንቱ አይደለም። የእህል ነጋዴ ተፎካካሪው ከገበያ ቢወጣለት ገበያው ሁሉ የእርሱ ይሆናል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ግን ኢትዮጵያ ቡና ቢፈርስበት የሸገር ደርቢ የሚባለውን ጨዋታ የሚጫወትበት ባላጋራ ያጣል። ክለብ ብቻውን የሚሸጠው ዕቃ የለውምና፣ ባላጋራዎቹ የጨዋታውን ቀን፣ ደንቡንና ዳኛውን በስምምነት ሳይወስኑ ሊግ የሚባል ነገር ከቶ ሊኖር አይችልም። ችግሩ የሚነሣው ለጨዋታው አስፈላጊ የሆነው ስምምነት የሚያልቅበትና ለባለቤቶቹ ኪስ ብቻ የሚጠቅመው ስምምነት የሚጀምርበት ድንበር ሲጠፋ ነው።

ድንበሩ አስቀድሞ የጠፋው በአሜሪካ ነው። ሸርማን አክት የተባለው ፀረ ሞኖፖል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1890 ከወጣ በኋላ፣ ፌዴራል ሊግ የተባለ አዲስ የቤዝቦል ማኅበር ከሁለቱ ታላላቅ ሊጎች ጋር ተፎካክሮ በ1915 ሲፈርስ፣ ታላላቆቹ ከፈረሰው ማኅበር ባለቤቶች የሚበዙትን በገንዘብ ሲያስማሙ የባልቲሞር ክለብ ከስምምነቱ ውጭ ቀረና ከሰሰ። በታችኛው ፍርድ ቤት ካሳ ቢፈረድለትም፣ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ በ1922 ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆልምዝ በጻፉትና ባልደረቦቻቸው ሁሉ በተስማሙበት ፍርድ፣ የቤዝቦል ትርዒት በየስቴቱ ውስጥ የሚፈጸም ጉዳይ እንጂ በስቴቶች መካከል የሚካሄድ ንግድ አይደለም፣ ተጫዋቾቹ ድንበር አቋርጠው መጓዛቸውም ተቀጥላ ነገር ነው ተባለ፤ ስለዚህም ቤዝቦል ከሸርማን ሕግ ነጻ ወጣ። ሌሎች ስፖርቶች ይኸው መብት ይሰጠን ብለው ቢጠይቁ አላገኙትም፤ በ1957 የአሜሪካን ፉትቦል ከሕጉ በታች መሆኑ ተበየነ።

የ1922ቱን ፍርድ ክብደት በትከሻው የተሸከመው ከርት ፍለድ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ተጫዋች ነው። ፍለድ ለአሥራ ሁለት የጨዋታ ዘመን ካገለገለበት ከሴንት ልዊስ ክለብ በ1969 ያለ ፈቃዱ ወደ ፊላደልፊያ ሲለወጥ፣ በዓመት 90,000 ዶላር እየተከፈለው ሳለ፣ እንደ ንብረት የምሸጥና የምለወጥ አይደለሁም በማለት እምቢ ብሎ ከሰሰ። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ድምፅ በሦስት ላይ ፈረደበት። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ብላክመን በመግቢያው ላይ ከሰማንያ የሚበልጡ የጥንት ስመ ጥር ተጫዋቾችን እንደ ስንክሳር በተራ ከዘረዘሩ በኋላ፣ የቤዝቦል ነጻነት ከሌሎች ስፖርቶች ሕግ ጋር የማይስማማ መሆኑን ራሳቸው እያመኑ፣ ማረም የሕግ አውጪው ፋንታ ነው ብለው ተዉት። ምክር ቤቱ ተጫዋቹ በሥራ ጉዳይ ሊከስ የሚችልበትን፣ በፍለድ ስም የተጠራውን ሕግ ያወጣው በ1998 ሲሆን፣ ፍለድ ከዚያ በፊት በ1997 ዐርፎ ነበር። አንድ ስሕተት መሆኑ የታወቀ ብይን ሰባ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይነካ መቆየቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ በዝምታ የሚሰጥ ነጻነት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያስረዳል።

የቴሌቪዥኑ ነጻነት ግን በግልጽ ሕግ የተሰጠ ነው። በ1961 አንድ ዳኛ የፉትቦል ክለቦች መብታቸውን በጅምላ መሸጣቸው ሕገ ወጥ ነው ብለው ስለ ፈረዱ፣ ምክር ቤቱ ፈጥኖ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲም ፈረሙበት። ሕጉ አራት ስፖርቶችን በስም ጠርቶ ይፈቅዳል፤ ፍርድ ቤቶችም ፈቃዱ ሕዝቡ ያለ ክፍያ ለሚያየው ሥርጭት እንጂ በክፍያ ለሚታየው እንዳልሆነ ተርጉመውታል።

በእኛ ሀገር ስፖርት ንግድ አይደለም የሚለው እምነት የቆየ ነው፤ አፍሪካ እግር ኳስን እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የመሩት ይድነቃቸው ተሰማም የዚህ እምነት ጽኑ ጠበቃ ነበሩ። ዘመኑ ግን ተለወጠ። በ2012 ዓ.ም. ክለቦቹ ባለአክሲዮን የሆኑበት የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ፤ የሥርጭቱም መብት ለአምስት ዓመት በጅምላ ለዲኤስቲቪ ተሸጠ፤ በ2013 ዓ.ም. ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ በተራ እየተካሄዱ ሲተላለፉ ፋሲል ከነማ ዋንጫውን አነሣ። ሽያጩን አልነቅፍም፤ እያንዳንዱ ክለብ ለብቻው ቢሸጥ ትንንሾቹ ገዢ ባላገኙም ነበር። ነገር ግን ዲኤስቲቪ የክፍያ ቴሌቪዥን ነውና፣ በደነባ ዲሽና ካርድ የሌለው ወጣት ጨዋታውን ሊያይ ቢወድ ዲኤስቲቪ ቤት መግቢያ ከፍሎ፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ መቀመጥ ነበረበት። የአሜሪካው ሕግ ለሕዝብ ያስቀረውን ድርሻ እኛ አላሰብንበትም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የደመወዙ ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። የአብዛኞቹ ክለቦች ገንዘብ ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ድርጅት ካዝና የሚወጣ ስለሆነ የወጪው ልክ ማጣት አሳሳቢ ነበርና፣ ለጣሪያው ምክንያት አላጡም። በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግም ጣሪያ አለ፤ ነገር ግን የዚያ ጣሪያ ሕጋዊ መሠረት ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር የተፈረመ የኅብረት ስምምነት ሲሆን፣ ይኸውም ተጫዋቹ ለተወሰነበት ገደብ በምትኩ ከሊጉ ገቢ የታወቀ ድርሻ የሚያገኝበት ነው። የእኛው እንዲህ ባለ ስምምነት ላይ አልቆመም።

ዐዋጅ 813 ስለ ስፖርት በስም የሚናገረው ነገር የለም፤ ሆኖም ለኢኮኖሚ ዕድገት አስፈላጊ የሆኑ የንግድ ሥራዎችን ከውድድር ድንጋጌዎቹ ነጻ ያደርግ ዘንድ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ሥልጣን ይሰጣል። ስለዚህ መንገዱ የተዘጋ አይደለም። ሊጉ ነጻነቱን በይፋ ይጠይቅ፤ ደንቡ በነጋሪት ጋዜጣ ይውጣ፤ የጅምላው ሽያጭ ሲፈቀድ በሳምንት ጥቂት ጨዋታዎች ያለ ክፍያ እንዲታዩ፣ ገቢው በክለቦች መካከል የሚከፋፈልበት ልክ እንዲገለጽ ይጻፍበት፤ የደመወዝ ጣሪያም የተጫዋቾች ወኪሎች ካልፈረሙበት በቀር እንዳይጸና ይደንገግ።