ለፒካፕዎ ጀርባ የትኛው ሽፋን ይሻላል?

ፒካፕ ገዝተዋል? እንኳን ደስ ያለዎት! እንግዲህ ዛሬ ድንጋይ፣ ነገ ፍሪጅ ሲጫንበት የጀርባው ቀለም ይጫራል፤ የተጫረው ደግሞ ይዝጋል። መፍትሔው ሽፋን ነው።

የጎማ ምንጣፍ ርካሽ ነው፤ ዕቃም አያንሸራትትም። ግን የሚሸፍነው ወለሉን ብቻ ነው። በወር አንዴ ሶፋ ለሚያመላልስ ሰው ይበቃል።

ተገጣሚው ፕላስቲክ ጎኖቹንም ይሸፍናል፤ ሲፈልጉ ይነሳል። ችግሩ ከሥሩ ውሃና አሸዋ ይገባል፤ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ቀለሙን ይፍቀዋል። አልፎ አልፎ አንስተው ይጠቡት።

የሚረጨው ሽፋን ከብረቱ ጋር ስለሚጣበቅ ከሥሩ ውሃ አያስገባም። ዋጋው ይወደዳል፤ ማስለቀቁም ከባድ ነው። በየቀኑ ለሥራ የሚጭኑ ከሆነ ግን ያዋጣዎታል። መኪናው የሊዝ ከሆነ አስቀድመው ውሉን ያንብቡ።

አንድ ነገር አደራ! ጀሪካኑ ፕላስቲኩ ላይ እንደተቀመጠ ቤንዚን አይቅዱበት። ፕላስቲኩ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እንዳይወርድ ስለሚከለክል ብልጭታ ተፈጥሮ እሳት ሊነሳ ይችላል። ጀሪካኑን መሬት ላይ ያውርዱት፤ የመቅጃውን ጫፍ ከአፉ ጋር አስነክተው ይሙሉት። የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው፤ የሚያተርፈው ግን ሕይወት ነው።