ከግቢው በታች፣ እስከ ሰርቪሱ ግድግዳ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ትርፍ ክፍል ብቻ አይደለም። ምጣዱ ያለው እዚያ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፒር ገደማ ማለት ነው። ይህን የሚያህል ኃይል ግን በብዙ ግቢ ከዋናው ቤት የሚሻገረው ከጣሪያ ጣሪያ በተወጠረ ገመድ ነው። ልባሱን ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ ነፋስ ይወዘውዘዋል፣ አንዳንዴም ልብስ ይሰጣበታል። ገመዱን በቧንቧ አድርጎ ከመሬት በታች ማሳለፍ ከዚህ ሁሉ ይገላግላል።

ቦዩ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይቆፈራል፤ መኪና የሚያልፍበት ከሆነ ጠለቅ ይላል። አሸዋ ይነጠፋል፣ ቧንቧው ይጋደማል፣ እንደገና አሸዋ ይለብሳል። አፈሩ እስከ ግማሽ ሲመለስ የማስጠንቀቂያ ሪባን ይዘረጋበታል። ሪባኑን ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን የጌሾ ችግኝ ልተክል ስቆፍር ዶማዬ ቧንቧ ላይ ካረፈበት ቀን ጀምሮ ያለ እሱ አፈር አላስመልስም።

ሙያው የሚለየው በመጨረሻዋ አንድ ሜትር ላይ ነው። የተለመደው አሠራር ቧንቧውን ከግድግዳው ሥር አውጥቶ በጎሚቶ ወደ ቤት ማስገባት ነው። ጎሚቶ ለውኃ የተሠራ ነው። ውኃ ማዕዘን ላይ ይታጠፋል፤ ወፍራም ገመድ ግን እዚያው ይሰነቀራል። ስለዚህ ቧንቧው ራሱ ሰፋ ባለ ቅስት መጉበጥ አለበት። ጥሩ ሠራተኛ ቧንቧውን በደረቅ አሸዋ ይሞላል፣ ሁለቱን አፎች በወረቀት ይወትፋል፣ ከዚያ ከከሰል ፍም በላይ ከፍ አድርጎ ቀስ እያለ ያዞረዋል። ሲለሰልስ በጉልበቱ ላይ ያጎብጠዋል፤ አሸዋው ሆዱ እንዳይጨማደድ ይይዘዋል። ቧንቧው ከጠቆረ ወይም ከጨሰ ግን ተበላሽቷል፤ ጭሱም መርዛም ነው።

ሰርቪሱ ገና እየተሠራ ከሆነ የወለሉ አርማታ ከመፍሰሱ በፊት ቧንቧውን በመሠረቱ አሳልፎ የብሬከር ሳጥኑ በሚቀመጥበት ግድግዳ ውስጥ ማቆም ነው። ከውጭ ምንም አይታይም። ተሠርቶ ካለቀ በትራፓኖ ይበሳል፤ ቀዳዳው ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ይበል፣ ዝናብ ወደ ቤት እንዳይገባ።

በቦሌና አካባቢዋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ጥቁሩ አፈር። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በሲሚንቶ ከመሠረቱ ጋር የተጣበቀ ቧንቧ አፈሩ ሲንቀሳቀስ መግቢያው ላይ ይሰበራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መሠረቱ ውስጥ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ይቀበራል፣ ገመዱን የሚይዘው ባለ 50 ቧንቧ በእሱ ውስጥ ያልፋል፣ ክፍተቱ በፎም ይሞላል። ያኔ ቧንቧው መወዝወዣ ቦታ ይኖረዋል።

ገመዱን ለማሳለፍ ቁራጭ ፌስታል በሲባጎ ጫፍ ታስሮ በአንደኛው አፍ ይከተታል፣ በኮምፕሬሰር ይነፋል። ፌስታሉ ሲባጎውን እየጎተተ በሌላው አፍ ብቅ ይላል። ከዚያ አንዱ ይስባል፣ አንዱ ይመግባል። ገመዱን በማሳነስ መቆጠብ አያዋጣም። በ30 ሜትር ርቀት ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ለምጣዱ 7 ቮልት ገደማ ያጎድላል፤ ባለ 6 ከሆነ 3 ቮልት አይሞላም። የምድር ሽቦው አይቀርም፤ ማገናኘቱም የባለሙያ ሥራ ነው። ቦዩ ክፍት እያለ ለኢንተርኔት የሚሆን ሁለተኛ ቧንቧ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቆ ማጋደም ይሻላል፤ በውስጡም ሲባጎ ይቀመጥለት።

አፎቹ አይጥና እርጥበት እንዳይገባባቸው ይደፈናሉ። አፈሩ ከመመለሱ በፊት ሜትር ዘርግቶ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል። የእኛ ግቢ ልኩ በብሬከር ሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በማርከር ተጽፏል፦ «ከአጥሩ 1.20 ሜትር፣ ጥልቀት 60»።