ከመርከቡ ያልተነሡት የመርከብ አውሮፕላኖች

የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር የቡሬን ምሽግ ለቆ ወደ ደምበጫ ማፈግፈግ ጀመረ። ልክ በወሩ፣ መጋቢት 25፣ ሶርድፊሽ የተባሉ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች ከምጽዋ የወጡትን ናዛሪዮ ሳውሮና ዳኒዬሌ ማኒን የተባሉ የጣሊያን የጦር መርከቦች ቀይ ባሕር ላይ አሰጠሙ። የተነሡት ግን ከእናት መርከባቸው ከኤግል ሳይሆን ከፖርት ሱዳን ሜዳ ነበር፤ የስዊዝ ቦይ ፈንጂ ስለተጣለበት መርከቧ ማለፍ አልቻለችምና። ይህ የሚያሳየን አውሮፕላንን የሚያነሣው መርከቡ ሳይሆን በክንፉ ላይ የሚያልፈው የአየር ፍጥነት መሆኑን ነው። መርከቧ ወደ ነፋሱ ዞራ ስትገሰግስ ከዚያ ፍጥነት ከፊሉን ትሰጠዋለች፤ በየብስ ላይ ግን ይህን የሚተካው የሜዳው ርዝመት ነው።

«ታዲያ መርከቡ ለምን አስፈለገ?» ይባል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ሜዳ እንደ መርከብ ጦሩን ተከትሎ አይሄድም የሚል ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ቡሬማ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው አውሮፕላን ለመነሣት ይበልጥ ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ሜዳ በሌለበት ፍጥነቱን ሮኬትም ሊሰጥ ይችላል፤ በዚያው ዘመን እንግሊዞች ሃሪኬን አውሮፕላኖችን ከጭነት መርከብ ላይ በሮኬት ያስወነጭፉ ነበር፤ ወደ መርከቡ መመለሻ ስለሌለው አብራሪው ብዙውን ጊዜ በጃንጥላ ባሕር ላይ ይዘል ነበር። የፖርት ሱዳኖቹ ግን ማረፊያ ነበራቸው። መርከቦቹ ከሰጠሙ ከአምስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 30 ቀን፣ ምጽዋ እጇን ሰጠች።