ገዳዩ ማነው? በር ሳይቆለፍ የሚፈታ እንቆቅልሽ

ባለፈው ወር የወጣቶች ክለባችን አባላት አንድ ጥያቄ ይዘው መጡ። «ኤስኬፕ ሩም የሚባለውን ጨዋታ በስልክ አይተናል፤ አንድ ክፍል ይሰጠንና እኛም እንሥራ» አሉ። ተወያየንበትና ሌላ ነገር መረጥን። ለምን እንደመረጥንና የመረጥነው ጨዋታ እንዴት እንደሚሠራ ዛሬ እናስረዳለን።

ኤስኬፕ ሩም ምንድን ነው?

የማምለጫ ክፍል እንደማለት ነው። ጥቂት ሰዎች አንድ ክፍል ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ የተደበቁ ፍንጮችን እየፈለጉ ቁልፉን ፈትተው ብዙውን ጊዜ በ60 ደቂቃ ውስጥ መውጣት አለባቸው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2007 በጃፓን ኪዮቶ ከተማ ታካኦ ካቶ በሚባል ሰው ተጀምሮ ወደ ሌላው ዓለም ተስፋፋ።

መጥፎ ጨዋታ ነው አንልም። ለእኛ ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው እሳት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2019 በፖላንድ ኮሻሊን ከተማ በአንድ የማምለጫ ክፍል እሳት ተነስቶ አምስት የ15 ዓመት ልጃገረዶች መውጣት አቅቷቸው ሞተዋል። የእኛ ክፍሎች ደሞ እንጨትና ሸራ ናቸው። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ከመካከላችን በመንገድ ላይ በደላሎች ቤት ተቆልፎበት የከረመ ሰው አለ። ለእሱ የተቆለፈ በር ጨዋታ አይደለም።

በስክሪን የሚሠራውስ?

የግድያ ምስጢር ጨዋታ በኮምፒውተር ላይ የሚቀርብ ታሪክ ነው። አንድ ሰው ሞቷል፤ ተጫዋቹ መርማሪ ሆኖ የምስክር ቃል ያነባል፣ ዕቃ ይመረምራል፣ በመጨረሻም ገዳዩን ይለያል። አዲስ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 ኢንፎኮም የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው «ዴድላይን» አንድም ሥዕል አልነበረውም፤ ሁሉም በጽሑፍ ነበር፤ መርማሪው ጉዳዩን የሚፈታበት 12 ሰዓት ብቻ ይሰጠዋል። በ2015 ሳም ባርሎ የሠራው «ኸር ስቶሪ» ደግሞ የአንዲት ሴት የፖሊስ ምርመራ ቪዲዮዎችን ይዟል። ተጫዋቹ አንድ ቃል ሲጽፍ ያ ቃል የተነገረበት ቪዲዮ ይመጣለታል። ስለዚህ በደንብ ያላዳመጠ ሰው ቀጥሎ ምን ቃል እንደሚጽፍ አያውቅም። እንግሊዝኛ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ የማዳመጥ ልምምድ የት ይገኛል?

እኛን በጣም ያስተማረን ግን በ2018 ሉካስ ፖፕ ያወጣው «ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን» ነው። በአንድ መርከብ ላይ የነበሩ 60 ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው ማወቅ ያስፈልጋል። ጨዋታው «ትክክል ነህ» የሚለው ግን የሦስት ሰዎች ጉዳይ በትክክል ሲሞላ ነው። በግምት አንዱን ቢያገኙ እንኳ ወዲያው አይነግርም።

አውጫጭኝና ሌባ ሻይ

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን የሚናገርበት አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ነበር። በሌላ በኩል ሌባ ሻይ ነበር፤ የሚያሰክር ነገር የጠጣ ልጅ እየተመራ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። የመጀመሪያው ሰው ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ዝም ብሎ ይጠቁማል። ዛሬ በካምፑ ውስጥ አሉባልታ የሚሠራው የሌባ ሻይን ሥራ ነው። ባለፈው ዓመት በአንድ ብሎክ ስልክ ጠፍቶ አንድ ልጅ በወሬ ብቻ ተደበደበ። ስልኩ ከሁለት ቀን በኋላ ከባለቤቱ ፍራሽ ስር ተገኘ። ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልመጣም።

እንዴት እንጫወታለን?

አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ለ25 ተማሪዎች ይበቃል። ኢንተርኔት ስለሚቆራረጥ ታሪኩን ራሳችን በፓወርፖይንት እናዘጋጃለን፦ የቦታው ካርታ፣ የአራት ምስክሮች ቃል፣ አንድ የሱቅ ደረሰኝ፣ አንድ የሚያሳስት ፍንጭ፣ መጨረሻ ላይ መልሱ። አምስት አምስት ሆነን እንቀመጣለን። በየቡድኑ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ላልገባው ያስተረጉማል፣ ሌሎቹ የምስክሮቹን ቃል ያነጻጽራሉ።

ሦስት ሕግ አለን። በሩ ክፍት ነው፤ መውጣት የፈለገ ምክንያት ሳይጠየቅ ይወጣል። ከኦብራ ዲን በተማርነው መሠረት፣ ሦስት ማስረጃ ያላቀረበ ቡድን የማንንም ስም አይጠራም። የተሳሳተ ቡድን ደግሞ የከሰሰውን ሰው ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ምንም እንኳ ሰውየው በስክሪን ላይ ያለ ሥዕል ቢሆንም። ይሄኛው ያስቃል፣ ግን አይረሳም።

አንዳንድ ወላጆች «ልጆቻችን ሞት አይተዋል፤ ለምን ግድያ?» ብለው ጠየቁን። ልክ ናቸው። ለታናናሾቹ የጠፋ የሶላር ባትሪ ታሪክ አዘጋጀን። ታላላቆቹ ግን «ስርቆት አይበቃንም» አሉ። ለእነሱ ግድያውን ሩቅ አገርና ሩቅ ዘመን አደረግነው፤ ደም አናሳይም፣ የብሔረሰብና የሃይማኖት ስምም አናነሳም። ወላጆች ከኋላ ተቀምጠው ማየት ይችላሉ።

እስካሁን አራት ጊዜ ተጫውተናል። ሁለቱን አልፈታናቸውም። በአንደኛው ሁላችንም ምግብ አብሳዩን ጠርጥረን ነበር፤ ደረሰኙ ላይ ያለውን ሰዓት ያየ አልነበረም። እናንተም ታሪክ ጽፋችሁ አምጡልን። ማንበብና መጻፍ ገና የምትማሩም ብትሆኑ ኑ፤ ዓይን ያለው ሁሉ መርማሪ ነው።

ሰላም ያሰንብተን።