ስለ ምድር ቅርፊት ውፍረት ከሞገድ የሚገኝ ማስረጃ

የምድርን ቅርፊት እስከ ሥሩ ቆፍሮ ያየ የለም። በሩሲያ በኮላ ባሕረ ገብ መሬት የተቆፈረው ጥልቅ ጕድጓድ እንኳ ከ12 ኪሎ ሜትር ጥቂት አልፎ ቆሟል። ከዚያ በታች ስላለው ነገር የምናውቀው በአመዛኙ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ የነገረንን ነው።

በ1909 እ.ኤ.አ. አንድሪያ ሞሆሮቪቺች የተባለው የክሮኤሺያ ሊቅ፥ በዛግሬብ አጠገብ የደረሰውን መንቀጥቀጥ ሲመረምር ፈጣኑ ሞገድ በአንዳንድ ጣቢያዎች ሁለት ጊዜ መድረሱን አስተዋለ። አንዱ በቅርፊቱ ውስጥ በቀጥታ የመጣ ነው፤ ሌላው ወደ ታች ወርዶ፥ ማንትል በሚባለው ዐለት አናት ላይ ተጕዞ የተመለሰ ነው። ከሩቅ ጣቢያ ቀድሞ የሚደርሰው ይህ ኋለኛው ነው፤ በኮረኮንች አቋራጭ ከሄደው ሰው ይልቅ ዞሮ በአስፋልት የሄደው እንደሚቀድም ማለት ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንመልከት። ሞገዱ በቅርፊቱ ውስጥ በሰከንድ 6፥ ከሥሩ 8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። 240 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደ ተተከለ መሣሪያ ቀጥተኛው ሞገድ በ40 ሰከንድ ይደርሳል። የቅርፊቱ ውፍረት 34 ኪሎ ሜትር ቢሆን የታችኛው በ37.5 ሰከንድ፥ 45 ቢሆን ግን በ39.9 ሰከንድ ይገባል። የ11 ኪሎ ሜትር ልዩነት የሚታወቀው በ2.4 ሰከንድ ብቻ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ሰዓቱ የተዛባ ጣቢያ ከማይሠራ ጣቢያ የሚከፋው ስለዚህ ነው።

በአገራችን ይኸው ዘዴ በሰፊው የተሠራበት ኢግል በተባለው ጥናት ነው። በጥር ወር 2003 እ.ኤ.አ. በስምጥ ሸለቆው ርዝመትና አግድም አንድ ሺህ ያህል መሣሪያዎች ተተክለው፥ በጕድጓዶች ውስጥ ፈንጂ ተተኰሰ። ከምዕራቡ ደጋ ሥር ቅርፊቱ ከ45 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ተገኘ፤ በሸለቆው ውስጥ ግን በደቡብ 40 ገደማ ሆኖ፥ ወደ አፋር ሲወርድ እስከ 26 ይሳሳል።

ይበልጥ የሚያከራክረው ከምዕራቡ ደጋ ግርጌ የተገኘው፥ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ንጣፍ ነው። ሞገዱ በዚያ በሰከንድ 7.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ይህም ለቅርፊት የፈጠነ፥ ለማንትል የዘገየ ነው። አጥኚዎቹ ከሥር ገብቶ የረጋ ቅልጥ ዐለት ነው ብለው ተርጕመውታል፤ ምናልባትም ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ደጋውን በባዛልት ያለበሰው ፍሳሽ ቅሪት ነው። ንጣፉ ከሸለቆው በስተምሥራቅ ባለመታየቱ፥ ባዛልቱም ይበልጡን በምዕራብ በመገኘቱ፥ እኛም ወደዚህ ሐሳብ እናደላለን። ዳሩ ግን ሞገድ የሚሰጠን ፍጥነትን እንጂ የዐለቱን ዕድሜ አይደለም፤ ንጣፉ ሁሉ በዚያ ዘመን የረጋ ይሁን፥ ወይስ ከዚያ ወዲህም ሲታከልበት የኖረ፥ በዚህ ዘዴ ብቻ ሊለይ አይችልም።