ኦቲዝም ያለበትን ወጣት በልብ ወለድ ስለ መሣል



በመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባ የሚመለሱ ዘመዶች በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ ያሉትን ቤቶች ይሞላሉ። ክትፎው ይቀርባል፤ ጭፈራው ይደምቃል። በዚህ መካከል አንድ የቤቱ ልጅ ጆሮውን በእጁ ይዞ ወደ እንሰቱ ጓሮ ቢሸሽ፥ አንዱ እንግዳ «ምን ያለ ባለጌ ነው!» ይላል፤ ሌላውም መንፈስ ይዞት ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል። ስለዚህ ልጅ ለወጣቶች የሚጽፍ ደራሲ እንዴት አድርጎ ሊሥለው ይገባል?

ኦቲዝም ርግማን ወይም የአስተዳደግ ጉድለት አይደለም፤ ከሕፃንነት ጀምሮ ያለ የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 የ11 ልጆችን ጠባይ መርምሮ ገልጾታል። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፥ በገዛ ልጃቸው የደረሰውን አይተው፥ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማእከልን አቋቁመዋል።

እንግሊዛዊው ማርክ ሃደን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ልብ ወለድ የ15 ዓመቱን ክሪስቶፈርን ራሱን ተራኪ ስላደረገው፥ አንባቢ የልጁን ሐሳብ ከውስጥ ይሰማል። ነገር ግን ክሪስቶፈር በሒሳብ የተራቀቀ ነውና፥ ኦቲዝም ያለበት ሁሉ እንዲሁ ነው የሚል ስሕተት ሊያሳድር ይችላል። ራሷ ኦቲዝም ያለባት ስኮትላንዳዊት ደራሲ ኤል ማክኒኮል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው መጽሐፍ፥ አዲ የተባለችው የ11 ዓመት ልጅ ጠንቋዮች ተብለው ለተገደሉ ሴቶች መታሰቢያ እንዲቆም መንደሯን ስትሞግት እናያለን። አዲ የሰው ርኅራኄ መለኪያ አይደለችም፤ የራሷ ዓላማ ያላት ሰው ናት።

የጉራጌን ልጅ ኑሮ በልብ ወለድ መግለጽም እንግዳ ነገር አይደለም። አቶ ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፉት የሺነጋ መንደር ታሪክ፥ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1964 ታትሟል።

እንግዲህ ያን ልጅ ወደ ጓሮው እንከተለው። ደካማ ደራሲ በመጨረሻው ምዕራፍ ይፈውሰዋል፤ ወይም የወንድሙን ደግነት ለማሳየት ብቻ ያቆመዋል። ጎበዝ ደራሲ ግን የከበሮው ድምፅ ልጁን እንዴት እንደሚያሳምመው ይነግረናል፤ የሚመኘውንም ይነግረናል። ምናልባት ሰው ሳይሰበሰብ ችቦውን በእጁ መለኮስ ይፈልግ ይሆናል። አባቱ ይፈቅዱለት ይሆን? ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ለልጆቻችሁና ለትምህርት ቤት መጽሐፍ የምትመርጡ ሁሉ ይህን አስቡ። በጓዳ ተደብቆ የሚያድግ ወጣት በመጽሐፍ ውስጥ ራሱን ቢያገኝ ብቻውን አለመሆኑን ያውቃል፤ ጎረቤቱም ቢያነብ «ባለጌ» ከማለቱ በፊት ቆም ይላል።