ያውቁ ኖሯል? ባቄላ ከቦሌ ቁርስ እስከ ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ጠዋት ካፌ ገብቶ ፉል የሚያዝ ሰው፣ በማግሥቱ ከመንገድ ዳር የባቄላ ቆሎ ሲገዛ የበላው ያንኑ እህል መሆኑን ልብ አይልም። ስለዚህ እህል የሚከተሉትን ያውቁ ኖሯል?

● ኢትዮጵያ ባቄላ በማምረት ከቻይና ቀጥላ ከዓለም በሁለተኛ ደረጃ ላይ ስትጠቀስ ኖራለች።

● ባቄላ በአገራችን የሚስማማው ከ1,800 እስከ 3,000 ሜትር ያለው ከፍታ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 2,334 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ጓሮ የተረፈው የቦሌ ሰው በክረምት መግቢያ ቢዘራ ከፍታው አይከለክለውም።

● አተር በሐረጉ እየተጠመጠመ ሲወጣ፣ ባቄላ ግን መጠምጠሚያ ስለሌለው በራሱ ይቆማል። ግንዱን ቆርጠው ቢያዩት አራት ማዕዘን ነው፤ ውስጡም ባዶ። ገበሬው ሁለቱን ቀላቅሎ ሲዘራ አተሩ ባቄላውን ተደግፎ ያድጋል።

● ነጩ አበባ ክንፉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው። ንብ ሲመላለስበት ፍሬው ይበረክታል። በቅጠሉ እግር ያለው ጠቆር ያለ ምልክት ደግሞ ከአበባው ውጭ ጣፋጭ ፈሳሽ የሚያመነጭ ክፍል ነው፤ ጉንዳን የሚሰበሰብበት ለዚህ ነው።

● የባቄላ ሥር ላይ ያሉትን እባጮች ፈልጠው ቢያዩ ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ፣ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ተክሉን ይመግባሉ። ባቄላ በተነሣበት ማሳ በቀጣዩ ዓመት ስንዴ ወይም ገብስ የሚዘራውም ለዚሁ ጥቅም ነው።

● የሰው ልጅ ዘረ-መል ወደ 3 ቢሊዮን ፊደላት ሲኖሩት የባቄላ ደግሞ ወደ 13 ቢሊዮን ይደርሳል፤ ሙሉ ንባቡም በ2023 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ይህን ሁሉ የተሸከመው በ12 ክሮሞሶሞች ነው፤ እኛ ያሉን 46 ናቸው።

● ባቄላ የመጣበት የዱር ቅድመ አያት እስከ ዛሬ በሕይወት አልተገኘም። ከመካከለኛው ምሥራቅ የተገኙ ጥንታዊ ፍሬዎች ግን እህሉ ከ10,000 ዓመት በፊት ጀምሮ በሰው እጅ እንደነበረ ያሳያሉ።

● ዋልካ አፈር ላይ ውሃ ሲተኛ የባቄላ ሥር ይታፈናል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን መሬት የሚቋቋም ዝርያ አውጥተው ስሙን ዋልኪ ብለውታል። ቀደም ብሎ በ1977 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው ሲኤስ 20 ዲኬ ከአገሪቱ ቀደምት የባቄላ ዝርያዎች አንዱ ነው።

● ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ደጋውን ያስጨነቀ በሽታ አለ፤ ገበሬው ቆርምድ ይለዋል። ቅጠሉን እያሳበጠ ያኮማትረዋል። ቡናማ ነጠብጣብ የሚጥለው ሌላው በሽታ ደግሞ ከፈንገስ የሚመጣ ነው፤ ዝናብና እርጥበት ሲበዛ ይበረታል።

● አንድ ባቄላ ስንት ስም አለው! ሳይደርቅ እሸት፣ ቢቀቀል ንፍሮ፣ ቢቆላ ቆሎ፣ ተቆልቶ ቢነከር አሹቅ፣ ተነክሮ ቢቆላ እንዱሽዱሽ፣ ተነክሮ ቢያጎነቁል ጉንቁል፣ ተፈጭቶ ሽሮ፣ ከሱፍና ከሰናፍጭ ጋር ተብላልቶ ስልጆ።

● በጸሎተ ሐሙስ የሚበላው ጉልባን ከባቄላ ክክና ከስንዴ ይቀቀላል። ትውፊቱ እስራኤላውያን ከግብፅ በችኮላ ሲወጡ ከበሉት ንፍሮ ጋር ያያይዘዋል።

● ደረቅ ባቄላ ከሩብ በላይ ክብደቱ ፕሮቲን ነው። ሥጋና ወተት በማይቀመስበት 55 ቀን ጾም ሽሮ ያለ ምክንያት አይወደድም።

● “ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ አሉ” የሚለው ተረት ሳይንሳዊ መሠረት አለው። ባቄላ ውስጥ ያሉትን አንዳንድ ስኳሮች የሚፈጭ ኢንዛይም በአንጀታችን የለም፤ ታችኛው አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያዎች ያብላሏቸውና ጋዝ ይፈጠራል። ሌሊቱን ነክረው የነከሩበትን ውሃ ቢደፉ ጣጣው ይቀንሳል።

● ለፓርኪንሰን ሕመም የሚታዘዘው ኤል-ዶፓ በ1913 እ.ኤ.አ. ተለይቶ የተገኘው ከባቄላ ችግኝ ነው፤ ያገኘው የስዊዘርላንዱ ኬሚስት ማርኩስ ጉገንሃይም ነበር። ይህ ማለት ግን እሸት መድኃኒትን ይተካል ማለት አይደለም።

● አንዳንድ ሰው ከእናት ወይም ከአባት በወረሰው የአንድ ኢንዛይም ጉድለት የተነሣ ባቄላ ከበላ ቀይ የደም ሴሎቹ ይፈርሳሉ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ቡና ከመሰለና ድካም ከበረታ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ጥሬ እሸት የባሰ አደገኛ ነው፤ በቤተሰብ ይህ ጉድለት ያለበት ሰው ካለ ለሕፃናት ከመስጠትዎ በፊት ሐኪም ይጠይቁ።

● ጤናዎ ከፈቀደ ግን እሸቱን ይቅመሱ፤ የሚገኘው ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ ለአጭር ጊዜ ነው። መንገድ ዳር ሲያገኙ አረንጓዴና ጠንካራ ከረጢት ይምረጡ፤ የጠወለገውንና የጠቆረውን ይለፉ። ደርቆ ቆሎ እስኪሆን ሳይጠብቁ ያኔውኑ ይግዙ።